ስለ ኢዮቤልዩ መዘምራን፤ የመዝሙራቸውና የመከራቸው ታሪክ

ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ ሲፈጸም መለከት የሚነፋበት፥ ባርያ ነጻ የሚወጣበት፥ የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት 50ኛው ዓመት ነው። ይህ ስም ዛሬ የበዓል ስም ብቻ ሁኖ ይታሰባል፤ ነገር ግን ከባርነት ወጥተው ይህንኑ ስም መጠሪያቸው ያደረጉ መዘምራን ነበሩና፥ ታሪካቸው በኢዮቤልዩ በዓል ሊነገር ይገባዋል።

በአሜሪካ አገር የእርስ በርስ ጦርነት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1865 ዓ.ም. ከተፈጸመ በኋላ፥ በጃንዋሪ ወር 1866 በቴኔሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ ነጻ ለወጡት ጥቁሮች ፊስክ የሚባል ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቤቱም ቀድሞ የወታደሮች ሆስፒታል የነበረ የእንጨት ሰፈር ነበረ። ጥቂት ዓመት እንደ ቈየ ቤቱ አረጀ፥ ዕዳውም በዛ፥ ሊዘጋም ተቃረበ። በዚያን ጊዜ ጆርጅ ኋይት የሚባል የብረት ቀጥቃጭ ልጅ፥ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥና የመዝሙር መምህር ነበረና፥ ከተማሪዎቹ 9 መዘምራን መርጦ በኦክቶበር 6 ቀን 1871 ገንዘብ ሊለምን ወደ ሰሜን ይዞአቸው ወጣ።

ከእነዚህ መዘምራን እያንዳንዱ የየራሱን ቍስል ተሸክሞ ወጥቶ ነበር። ፒያኖ የምትመታላቸው ኤላ ሼፐርድ አባቷ በ350 ዶላር ከባርነት የገዛት ልጅ ናት፤ እናቷ ግን በባርነት ቀረች። ይህችም እናት አስቀድሞ ተስፋ ቈርጣ ሕፃኒቱን ታቅፋ ወደ ወንዝ ልትገባ ስትሄድ፥ አንዲት አሮጊት አግኝታ መልሳት ነበር። ኤላ አባቷም ከሞተ በኋላ 6 ዶላር ብቻ ይዛ ወደ ፊስክ መጣች። የቶማስ ረትሊንግ የልጅነቱ የመጀመሪያ ትዝታ እናቱ ተሸጣ ስትወሰድ ማየቱ ነው። ቤንጃሚን ሆምዝ በቻርልስተን ከተማ የልብስ ሰፊ ደቀ መዝሙር ሳለ በየሱቁ ደጃፍ ከተጻፈው ፊደል ማንበብ ተማረ፤ በባሮች መያዣ እስር ቤት ሳለም የነጻነቱን አዋጅ ለእስረኞች ጮኾ አነበበላቸው። ማጊ ፖርተርም ገና ወጣት መምህርት ሳለች፥ ታስተምርበት የነበረው ቤት ተቃጥሎ ቈያት።

የመጀመሪያው ትግላቸው ስለ መዝሙሩ ስለ ራሱ ነበረ። አባቶቻቸው በእርሻና በሌሊት ጉባኤ ያዜሙት የነበረውን ዜማ በአደባባይ ማዜም አልወደዱም፤ የባርነትን ዘመን ያሳስባቸው ነበርና። ደግሞም ለወላጆቻቸው የተቀደሰ የጸሎት ዜማ ስለ ነበረ፥ ለባዕድ ጆሮ መስጠቱን ፈሩ። ስለዚህ አስቀድመው ቤት ዘግተው በቀስታ ይለማመዱት ነበር፤ በሕዝብ ፊት ግን የነጮቹን ዜማ ያዜሙ ነበር።

ይህም ዜማ ለቅኔ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሰምና ወርቅ አለውና። ሰሙ እስራኤል ከግብጽ ወጥቶ ወደ ከነዓን መግባቱ ነው፤ ወርቁ ግን የባርያው የራሱ ነጻነት ነው። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1855 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ባሮቹ ከነዓን ሲሉ ነጻ የሚወጡበትን የሰሜኑን አገር ማለታቸው እንደ ነበረ መስክሮአል።

ጕዞው ሲጀመር የቺካጎ ከተማ ተቃጥላ ነበር። መዘምራኑ የክረምት ልብስ እንኳ የሌላቸው ሲሆኑ፥ በሲንሲናቲ ያገኙትን ከ50 ዶላር የማይሞላ ገንዘብ ሁሉ ለተቃጠለባቸው ሰዎች ሰጡ። ከዚያም ወደ ኮሎምበስ ደርሰው ልባቸው በደከመ ጊዜ፥ ኋይት ሌሊቱን በጸሎት አድሮ በማግሥቱ የኢዮቤልዩ መዘምራን ብሎ ሰየማቸው። በኖቬምበር ወር በኦበርሊን በተሰበሰቡ ካህናት ጉባኤ ፊት ያን የፈሩትን የአባቶቻቸውን ዜማ በለሆሳስ ባሰሙ ጊዜ፥ የሰማው ሁሉ ልቡ ተነካ። ያፈሩበት ነገር ክብራቸው ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያገኙት ክብር ታላቅ ነው። በ1872 በፕሬዚዳንት ግራንት ፊት፥ በ1873 በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ። በመጀመሪያው ጕዞ 20,000 ዶላር፥ በ7 ዓመት ውስጥ በጠቅላላው 150,000 ዶላር ያህል አገኙ። በዚህም ገንዘብ የኢዮቤልዩ አዳራሽ የሚባለው ታላቅ ሕንጻ ተሠርቶ በጃንዋሪ 1 ቀን 1876 ተመረቀ።

ነገር ግን የሕንጻውን ቁመት የሚያደንቅ ሰው ዋጋውንም ይመርምር። ቀን በመዝሙራቸው ያለቀሰ ከተማ ማታ ማደሪያ ይከለክላቸው ነበር። ታመው የዘመሩበት ቀን ብዙ ነው። የኋይት ሚስት በ1874 በግላስጎ ሞተችበት፤ እርሱ ራሱም ደም እየተፋ ይመራቸው ነበር። ስለ ዕረፍትና ስለ ደመወዝ ክርክር ሆነ፤ በመካከላቸውም ቅናትና ኩርፊያ ገባ። በመጨረሻም በ1878 በጀርመን አገር ደክመው ተበተኑ። ስለ ሰማይ ዕረፍት ያዜሙ ሰዎች በምድር ዕረፍት አጡ። ይህን ጽፎ ማቈየት መዘምራኑን ማዋረድ አይደለም፤ እምነታቸው መከራና ጠብ ባለበት ሰውነት ውስጥ እንደ ነበረ ማስረዳት ነው እንጂ።

ከተበተኑትም ረትሊንግና አይዛክ ዲከርሰን በእንግሊዝ አገር ቀርተው በዚያው ዐረፉ፤ ዲከርሰንም ሰባኪ ሆነ። ኤላ ሼፐርድ በባርነት የተለየቻትን እናቷን ወደ ናሽቪል አምጥታ ጦረቻት፤ በ1914ም ዐረፈች። አዳራሹ ግን እስከ ዛሬ ቆሞአል፤ በትምህርት ቤቱም በየዓመቱ ኦክቶበር 6 ቀን መታሰቢያቸው ይደረጋል፥ በስማቸውም የሚጠራ ማኅበር እስካሁን ይዘምራል።

እንግዲህ ኢዮቤልዩ የሚያከብር ጉባኤ የድንጋዩንና የቆርቆሮውን ዋጋ ሲቈጥር፥ ሌሊት ቆመው የዘመሩትን ድካምም አብሮ ይቍጠር። በዜማው ደስ የተሰኘ ምእመን መዘምሩ ማታ የሚገባበት ቤት እንዳለው፥ የሚያስታምመው ሰው እንዳለው፥ ከባልንጀራውም ጋር ታርቆ እንደ ሆነ ይጠይቅ። በኦሪት የኢዮቤልዩ ዓመት መለከት ብቻ የሚነፋበት አልነበረም፤ የደከመችው ምድር እንኳ የምታርፍበት ነበረና።