አሳላፊ ገለፈት፦ የአንድ አዲስ ቃል ማብራሪያ

የውኃ መሐንዲሶች «ሜምብሬን» የሚሉትን ነገር በአማርኛ «አሳላፊ ገለፈት» ብንለው ይስማማዋል ብዬ አምናለሁ፤ «ሽፋን» ብንለው መሸፈኑን እንጂ ማሳለፉን አይነግረንም፣ «ወንፊት» ብንለውም ቀዳዳው በዓይን የሚታየውን የቤት ዕቃ ያሳስበናል፤ ገለፈት ግን ከነጭ ሽንኩርት ፍሬ ላይ የሚላጠው ስስ ልባስ ስም ስለ ሆነ፣ «አሳላፊ» የሚለው ቅጽል ሲጨመርበት የነገሩን መልክና ግብር በአንድነት ይገልጻል። በዚህ ገለፈት ውኃን የማጥራት ጥበብም «የገለፈት ማጣሪያ» ይባል።

በውኃ ውስጥ ከሚገኙት ባዕዳን ነገሮች ግዙፋኑ፣ ጭቃውና አሸዋው፣ ጊዜ ከተሰጣቸው በራሳቸው ይዘቅጣሉ፤ ረቂቃኑ ግን ከውኃው ጋር ተዋሕደው ይኖራሉ። በጉራጌ ቤት እናቶች የፋቁትን እንሰት ጨምቀው ፈሳሹን ሲያሳድሩት ነጩ ቡላ ከታች ይረጋና ውኃው ከላይ ይቀራል፤ በውኃ የሟሟ ጨው ግን ዓመት ቢያሳድሩት እንደ ቡላ አይረጋም። ስለዚህ ጠቢባን ገለፈቱን በረቂቅነቱ መጠን በአራት ደረጃ ሠርተውታል፤ የመጀመሪያው ባክቴሪያን ያስቀራል፣ ሁለተኛው ቫይረስን፣ ሦስተኛው እንደ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሉትን ማዕድናት፣ አራተኛውና ከሁሉ የረቀቀው ደግሞ የገበታ ጨውን እንኳ ሳይቀር ያግዳል።

የዚህ የአራተኛው ምሥጢር «ግልባጭ ስርገት» ነው። ፈረንሳዊው ዣን አንትዋን ኖሌ እ.ኤ.አ. በ1748 የወይን አረቂ የሞላበትን ዕቃ አፍ በአሳማ ፊኛ ከድኖ በውኃ ውስጥ ቢያስቀምጠው፣ ውኃው በፊኛው በኩል ወደ አረቂው እየሰረገ ፊኛውን ወጠረው። ንጹሕ ውኃም ከጨዋማ ውኃ በገለፈት ተለይቶ ቢቀመጥ እንዲሁ ወደ ጨዋማው ይሰርጋል፤ ይህ በተፈጥሮ ሕግ የሆነው ስርገት ነው። በጨዋማው በኩል ብርቱ ግፊት ቢደረግበት ግን መንገዱ ተገልብጦ ውኃው ጨውን ትቶ ወደ ንጹሑ ይሻገራል። ይህን ለሥራ ያበቁት በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማብቂያ ከሴሉሎስ አሲቴት፣ ገጹ እጅግ የሳሳ ጀርባው ግን የወፈረና ቀዳዳማ የሆነ ገለፈት ሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1965ም ኮሊንጋ የምትባለው የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ ጨዋማ የጉድጓድ ውኃዋን በዚሁ ጥበብ አጣርታ መጠጣት ጀመረች። ዛሬ ገለፈቱ እንደ ብራና ጥቅልል በአንድ ቱቦ ዙሪያ በመረብ እየተለየ ይጠቀለላል፤ ጨዋማው ውኃ ከአንዱ ጫፍ ተገፍቶ ሲገባ፣ ንጹሑ በጥቅልሉ መካከል ወዳለው ቱቦ ይሰበሰባል፣ ጨው የበዛበት ቀሪ ደግሞ በሌላው ጫፍ ይወጣል። እኔ ንጹሑን «አላፊ»፣ ቀሪውን «ተራፊ» ብያቸዋለሁ።

አንባቢ ተራፊውን በልቡ ይያዝልኝ፤ ገለፈት ውኃን ይለያል እንጂ ጨውን አያጠፋምና። በሊትር ወደ 35 ግራም ጨው ያለበትን የባሕር ውኃ ለማጣራት የከባቢ አየርን ግፊት ከ55 እስከ 70 እጥፍ የሚያህል ግፊት ያስፈልጋል፣ ለአንድ ሜትር ኩብም ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይጠፋል፣ ከገባውም ውኃ ግማሽ ያህሉ ተራፊ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውና በቀን 22,500 ሜትር ኩብ እንዲያመርት የተሠራው የጅቡቲ የዶራሌ ማጣሪያ ባሕር አጠገቡ ነው። እኛ ግን ባሕር የለንም፤ ተራፊውን ወደ ወንዝ ብንጥለው ወዴት ይሄዳል?

በጉራጌ ምድር ካሉት ከተሞች የቡታጅራ ወንዞች በመቂ ወንዝ በኩል ወደ ደምበል ሐይቅ ይወርዳሉ፣ ደምበልም ሲሞላ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይፈስሳል፣ አብጃታ ግን መውጫ የለውም። በሌላዋ ከተማ በወልቂጤ በኩል ያለው የዋቤ ወንዝም ወደ ጊቤ፣ ጊቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፣ እርሱም መውጫ የለውም። እንግዲህ በሁለቱ ከተሞች ወንዝ የተጣለ ጨው ከምድራችን ወጥቶ ወደ ውቅያኖስ የሚደርስበት መንገድ የለም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይህን አስቀድሞ ያሰበ ይመስለኛል፤ ሐዋሳ ሐይቅም በምድር ገጽ መውጫ የሌለው ነውና፣ የጨርቃ ጨርቁን ፍሳሽ በግልባጭ ስርገት አጣርቶ ለፋብሪካዎቹ ይመልሳል፣ ተራፊውንም በትነት አድርቆ ጨው አድርጎ ያስቀራል እንጂ ጠብታ እንዳይለቅ ተደርጎ ተሠርቷል። ፍሳሽን አጥርቶ ለመጠጥ ማዋልም አዲስ ነገር አይደለም፤ የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታደርገዋለች።

ለወልቂጤ የገለፈት ማጣሪያ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው አልልም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ የሰው ሕይወት እስከ መጥፋት የደረሰበት ጥም የጨው ጥም አልነበረም፤ ውኃው ከቧንቧው አልደርስ ስላለ እንጂ። ፍሳሹም በየቤቱ ጉድጓድ በሚቀርበት ከተማ ገና የሚጣራ የተሰበሰበ ፍሳሽ የለም፤ ምንጩን ማጎልበትና መስመሩን ማደስ ይቀድማል። ከቡታጅራ በታች ወደ ስምጥ ሸለቆው ቆላ ሲወረድ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ከተፈቀደው ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ስለሚገኝ፣ የሕፃናት ጥርስ ይበልዛል፣ ለረጅም ዘመን የጠጡትም አጥንታቸው ይጎብጣል። ፍሎራይድ የሟሟ ስለ ሆነ በማፍላት አይጠፋም፣ እንዲያውም ይጠነክራል፤ የረቀቀው ገለፈት ግን ያስቀረዋል። በዚያ ቆላ ገለፈት የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፦ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የቆላውን ጉድጓዶች ፍሎራይድ እየለኩ ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ያሳውቁ፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለማስተከል የሚያስብ አስተዳደርም ከሻጩ ጋር ከመፈራረሙ በፊት፣ ተራፊው ውኃ በየትኛው ገንዳ እንደሚደርቅና ጨውን ማን እንደሚያነሣው በውሉ ውስጥ ያስጽፍ።