ከድጓ ምልክት እስከ ነጠላ ሰሌዳ ኮምፒውተር፦ በጣና ዙሪያ የቅኝትና የዜማ መሣሪያ ታሪክ

የጣና ዙሪያ አገር በኢትዮጵያ የዜማ ታሪክ ውስጥ ሁለት ልማዶችን ጎን ለጎን ይዞ የቆየ ነው፤ በአንድ በኩል ዜማ በጽሑፍ ምልክት የሚያዝባቸው ገዳማትና ጉባኤ ቤቶች ሲኖሩ፣ በሌላ በኩል ዜማን በጆሮና በእጅ ብቻ የሚጠብቁ አዝማሪዎች ማሲንቆ እየመቱ ይዘዋወሩበታል። ከሁለቱም ጋር አብሮ የሚነሣው ጥያቄ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚወስነው ማን ነው የሚል ሲሆን፣ ጥያቄው ከብራና ተነሥቶ ዛሬ በኪስ እስከሚያዝ ኮምፒውተር ድረስ ይዘልቃል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የኢትዮጵያን ዜማ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደረሰው ቅዱስ ያሬድ ሲሆን፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ስልቶችም የእርሱ ናቸው። ዜማው ለብዙ ዘመን በቃል ሲተላለፍ ከኖረ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ምልክቶቹን እንደ ሠሩለት ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ምልክቶች ድጓ በተባለው የዜማ መጽሐፍ ከንባቡ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚቀመጡ ሲሆን፣ የሚያመለክቱት የድምፁን መንገድ ነው፤ ርክርክ ድምፁ እንዲንቀጠቀጥ፣ ድፋት ወደ ታች እንዲወርድ፣ ቁርጥ ደግሞ ተገትቶ እንዲቆም ያዛል። ድምፁ የሚነሣበትን ልክ ግን አይወስኑም፤ እርሱ ከመምህሩ አፍ የሚቀዳ በመሆኑ፣ ምልክቱን ማንበብ የቻለ ደቀ መዝሙርም ከሐይቁ በስተምሥራቅ በጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ሄዶ፣ በድጓ ሊቃውንቷ ፊት ካላስመሰከረ ተምሮ እንደ ጨረሰ አይቆጠርም።

የአዝማሪው ልማድ በጽሑፍ ባይደገፍም ከዚህ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለው። የማሲንቆ አንድ ክር ከፈረስ ጭራ የተበጀ ሲሆን፣ አንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚለይ ክፍፍል ስለሌለው፣ ተጫዋቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉትን ቅኝቶች ሲጫወት እያንዳንዱን ድምፅ በጆሮው እየለካ ራሱ ያኖረዋል። ቅኝት፣ ማለትም አንድ ዜማ የሚመላለስባቸው ድምፆች ሥርዓት፣ በዚህ መሣሪያ ላይ የሰው ውሳኔ ነው።

ከውጭ የገቡት መሣሪያዎች ይህን ውሳኔ ወደ ፋብሪካ ወሰዱት። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ አርመናውያን ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የናስ የትንፋሽ መሣሪያዎችን በቤተ መንግሥት ባንድ ካስለመዱ ወዲህ፣ አኮርዲዮንና ኤሌክትሪክ ኦርጋን ተከትለው ገቡ። በ1983 ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባለው ኪቦርድና መሣሪያዎችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ሚዲ የተባለው ቋንቋ ሲወጡ፣ አንድ ሰው ብቻውን የባንድ ሥራ መሥራት ቻለ፤ ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶችና ከሪትም ማሽን ጋር አጣምሮ የቀዳው አልበም የዚህ ዘመን ውጤት ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ኪቦርድ አንድን ኦክታቭ፣ ማለትም አንድ ድምፅ በእጥፍ ከፍታ እስኪደገም ያለውን ርቀት፣ እያንዳንዳቸው 100 ሴንት በሆኑ 12 እኩል ክፍሎች የሚሸነሽን ስለሆነ (ሴንት የአንድ ኦክታቭ 1,200ኛ እጅ ነው)፣ የማሲንቆ ተጫዋች በሁለት ቁልፎች መካከል የሚያኖረው ድምፅ ወደ አንዱ ቁልፍ ተገፍቶ ይገባል።

ኮምፒውተር ወደዚህ ታሪክ የገባው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው የፊደል መንገድ ሲሆን፣ የዓለምን ፊደላት በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ በ1999 የኢትዮጵያን ፊደል፣ በ2005 ደግሞ 10 የዜማ ምልክቶችን ተቀብሏል። በዚህም ድጓን ከነምልክቱ በኮምፒውተር መጻፍ ተቻለ፤ ነገር ግን ማሽኑ የተሸከመው እንደ ብራናው ሁሉ ምልክቱን እንጂ ድምፁን አይደለም።

ሁለተኛው የድምፅ መንገድ ነው። ሊኑክስ በ1991 የተጀመረ፣ ማንም እንዲያየው፣ እንዲለውጠውና እንዲያሰራጨው የተፈቀደ የኮምፒውተር ሥርዓት ሲሆን፣ ኤአርኤም ደግሞ በ1985 በእንግሊዝ የተሠራና በአነስተኛ ኃይል የሚሠራ የአንጎለ ኮምፒውተር ዓይነት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲገናኙ ለዚህ ሥራ የሚመች ነጠላ ሰሌዳ ኮምፒውተር ተገኘ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ሳተላይት ሲሲአርኤምኤ በሚል ስም እንዲህ ያለውን ሰሌዳ የዜማ መሣሪያ መሥሪያ አድርገው አቀረቡ፤ በ2012 በ35 ዶላር የወጣው ራስበሪ ፓይ ደግሞ ዋጋውን ተማሪ ሊደርስበት ወደሚችል ልክ አወረደው።

የእነዚህ ሰሌዳዎች ዋና ፈተና መዘግየት፣ ማለትም ቁልፉ ተነክቶ ድምፁ እስኪሰማ የሚያልፈው ጊዜ፣ ነበር። በሴኮንድ 48,000 የድምፅ ናሙና የሚያወጣ ኮምፒውተር በየጊዜው 128 ናሙና ቢያዘጋጅ፣ ለእያንዳንዱ ዙር ያለው ጊዜ 2.7 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው፤ በዚያ ካልደረሰ ድምፁ ይቆራረጣል። ጃክ የተባለው የድምፅ አገናኝ ፕሮግራም ይህን ጊዜ ለማሳጠር የተሠራ ሲሆን፣ ሥራን በሰዓቱ የማድረስ ችሎታ የሚሰጠው የሊኑክስ ማሻሻያም ከብዙ ዓመታት ሥራ በኋላ በ2024 ከዋናው ሊኑክስ ጋር ተዋሕዷል።

ለኢትዮጵያ ቅኝት ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሶፍትዌሩ ለተጠቃሚው የሚሰጠው ሥልጣን ነው። ዚንአድሰብኤፍኤክስ የተባለው ነጻ የድምፅ ማመንጫ፣ ስካላ በሚባል የፋይል ዓይነት የተጻፈ ቅኝትን ይቀበላል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በመጀመሪያው መስመር የቅኝቱ መግለጫ፣ በሁለተኛው የድምፆቹ ብዛት ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ድምፅ ርቀት በሴንት ተራ በተራ ይሰፍርና ኦክታቩን በሚያመለክተው 2/1 ይዘጋል። የመነሻው ድምፅ ስለማይጻፍ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት አምስት ቁጥሮች ብቻ ይበቁታል፤ ከአንድ ማሲንቆ የተለካው ባቲም ያለ ፋብሪካ ፈቃድ፣ ተጫዋቹ ባኖረበት ልክ በኪቦርድ ይሰማል።

ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ የተመቸ ከተማ ነው። በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ከተቋቋመው ፖሊቴክኒክ የሚጀምረውና በ2000 ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም ምሕንድስናን፣ አዝማሪዎቹ ቅኝትን፣ የዙሪያው ጉባኤ ቤቶች ዜማን ያስተምራሉ። ነጠላ ሰሌዳ ኮምፒውተር መምህሩን ሊተካ አይችልም፤ ሆኖም የአዝማሪዎች ቅኝት ባለቤቶቹ ፈቅደው፣ የተጫዋቹ ስምና አገሩ ተጠቅሶ ካልተለካና ለሁሉ ክፍት ሆኖ ካልተቀመጠ፣ የነገው ሙዚቀኛ ባቲንም አንቺ ሆዬንም የሚያውቃቸው ፋብሪካው በወሰነላቸው 12 ክፍሎች ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ልኬቱ ማሲንቆው ገና በእጅ ሳለ መጀመር ይገባዋል።