የ«ስካት» ጨዋታና የስያሜዎቹ ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ ልብ ወለድ ለእርማት ቀርቦልኝ ነበር። በታሪኩ ውስጥ ሦስት ሰዎች ካርታ ሲጫወቱ ያመሻሉ፤ ተርጓሚውም ከሦስቱ አንደኛው «ሰባት ማታለያ ወሰደ» ሲል ጽፏል። የእንግሊዝኛው ቃል «ትሪክ» ነው። ይህ ቃል በተለመደው አነጋገር ማታለል ወይም ተንኰል ማለት ስለሆነ ተርጓሚው ማንኛውንም መዝገበ ቃላት ምስክር አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። እኔም ሳልጠራጠር አሳለፍሁት። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ግን ጨዋታውን የሚያውቅ አንድ አንባቢ «ሰውየው መቼ አታለለ? በሐቅ አይደለምን ያሸነፈው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። በመጀመሪያው ድርሰት ሐቀኛ የነበረው ሰው በአማርኛው አጭበርባሪ ሆኖ ቀርቷል።

ስሕተቱ የመጣው ቃሉን ካለማወቅ ሳይሆን ነገሩን ካለማወቅ ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች የካርታ ጨዋታዎች መካከል እጅግ ከታወቁት አንዱን፣ የጀርመኖችን «ስካት» ወስደን የት እንደተወለደ፣ እንዴት እንደሚጫወቱት፣ ቃላቱም ከየት እንደተገኙ እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስካት የተፈጠረው በ1810 እና በ1817 መካከል፣ በምሥራቅ ጀርመን በቱሪንጊያ ምድር በምትገኘው በአልተንቡርግ ከተማ ነው። የፈጠሩትም ለካርታ ጨዋታ እየተሰበሰቡ ያመሹ የነበሩ የከተማዋ ሹማምንት፣ ሐኪሞችና የሕግ ሰዎች ናቸው። በዚህ ማኅበር ውስጥ ለቋንቋ ባለሙያ እንግዳ ያልሆኑ ሁለት ስሞች ይገኛሉ። አንደኛው በስሙ የሚጠራውን ታላቅ ኢንሳይክሎፒዲያ ያሳትም የነበረው ፍሪድሪክ አርኖልድ ብሮክሐውስ ነው። ሁለተኛው ሐንስ ካርል ሌዎፖልድ ፎን ዴር ጋቤሌንትስ ሲሆን፣ በጨዋታ ያገኘውንና ያጣውን በመዝገብ የማስፈር ልማድ ስለነበረው የስካት ስም በ1813 በመዝገቡ ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል። ልጁ ሐንስ ኮኖን (1807–1874) የብዙ ቋንቋዎች ተመራማሪ ሆነ፤ የልጅ ልጁ ጌኦርግ (1840–1893) ደግሞ በ1881 ያወጣው የቻይንኛ ሰዋስውና በ1891 ያሳተመው የቋንቋ ሳይንስ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። እንግዲህ ከአንድ የጨዋታ ገበታ ዙሪያ የመዝገበ ዕውቀት አሳታሚና የቋንቋ ሊቃውንት አባት ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።

ጨዋታው ከባዶ የተነሣ አይደለም። ከጀርመኖች የገጠር ጨዋታ ከ«ሻፍኮፕፍ» የካርታዎቹን ማዕርግ ወሰደ፤ ከ«ታሮክ» ጥቂት ካርታዎችን ለይቶ የማስቀመጥን ሥርዐት ተቀበለ፤ ከስፓኝ ከመጣው ከ«ሎምብር» ደግሞ ጨረታውንና አንዱ ለብቻው ሁለቱን የሚገጥምበትን ስልት ወረሰ። የመጀመሪያው የደንብ መጽሐፍ በ1848 ታተመ።

አጨዋወቱ እንደሚከተለው ነው። ካርታዎቹ 32 ሲሆኑ በአራት ወገን ይከፈላሉ፤ እነዚህም ባለሦስት ቅጠሉ፣ ባለጦሩ፣ ባለልቡና ባለአልማዙ ናቸው። በየወገኑ ስምንት ስምንት ካርታ አለ፤ ከሰባት እስከ አሥር፣ ከዚያም ጃክ፣ ንግሥት፣ ንጉሥና አስ። አዳዩ ካርታውን በውዞ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ያድልና ሁለት ካርታ በገበታው ላይ ደፍቶ ያስቀምጣል፤ ቀጥሎም አራት አራት፣ በመጨረሻም ሦስት ሦስት ይሰጣል። እያንዳንዱ አሥር ካርታ ይደርሰዋል፤ ተለይተው የተቀመጡት ሁለቱም «ስካት» ይባላሉ።

ከዚህ በኋላ ጨረታ ይከፈታል። ጀማሪዎች ተራቸውን እንዳይዘነጉ ጀርመኖቹ «ማደል፣ መስማት፣ መናገር» የሚሉትን ሦስት ቃላት ያስጠናሉ። ከአዳዩ ቀጥሎ ያለው ሰሚ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ተናጋሪ ነው። ተናጋሪው ከ18 ጀምሮ ቁጥር ይጠራል፤ ሰሚው በቁጥሩ ከተስማማ «አዎን» ይላል፤ ካልደፈረ ይተዋል። ከሁለቱ የጸናው ከአዳዩ ጋር በዚሁ ዐይነት ይጫረታል። ያሸነፈው ብቸኛ ተጫዋች ይሆናል፤ ሁለቱን ካርታዎች አንሥቶ በምትካቸው የማይፈልጋቸውን ሁለት ካርታዎች ደፍቶ ያስቀምጥና የበላይ የሚሆነውን ወገን ይሰይማል።

ጨዋታውን የሚከፍተው ከአዳዩ ቀጥሎ የተቀመጠው ነው። እርሱ አንድ ካርታ ሲጥል ሌሎቹም በየተራቸው ከዚያው ወገን ይጥላሉ። ከዚያ ወገን የሌለው ሰው የበላዩን ወገን ካርታ ሊጥልበት ወይም ሌላ ካርታ ሊያጠፋ ይችላል። በገበታው ላይ ከወደቁት ሦስት ካርታዎች ከፍ ያለውን የጣለ ሰው ሦስቱንም ሰብስቦ ይወስዳል፤ ቀጣዩንም ዙር እርሱ ይከፍታል። እንግሊዝኛው «ትሪክ» የሚለው ይህንን ነው። ማታለል የሚባል ነገር የለበትም።

አራቱ ጃኮች ወገናቸውን ትተው ከሁሉ በላይ ይቆማሉ፤ ቀዳሚው ባለሦስት ቅጠሉ ሲሆን ባለጦሩ፣ ባለልቡና ባለአልማዙ ይከተሉታል። ከእነርሱ በታች አስ፣ አሥር፣ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ዘጠኝ፣ ስምንትና ሰባት በቅደም ተከተል ይመጣሉ። አሥር ከንጉሥ መብለጡን ያላስተዋለ ተርጓሚ እዚህም ላይ ይሳሳታል። አስ 11፣ አሥር 10፣ ንጉሥ 4፣ ንግሥት 3፣ ጃክ 2 ነጥብ አላቸው፤ የቀሩት ነጥብ የላቸውም። ድምሩ 120 ነው። ብቸኛው ተጫዋች ለማሸነፍ ቢያንስ 61 ማግኘት አለበት፤ 60 ለ60 ቢወጡ ተሸናፊው እርሱ ነው። «ኑል» በተባለው የጨዋታ ዐይነት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብቸኛው ተጫዋች የሚያሸንፈው አንድም ዙር ያልወሰደ እንደሆነ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ስካት» የጣሊያንኛው «ስካርቶ» ልጅ ነው፤ ትርጉሙም ተለይቶ የተጣለ ካርታ ማለት ነው። በውስጡ «ካርታ» የሚለው ቃል ተደብቆ ይገኛል። የበላዩን ወገን የሚያመለክተው «ትሩምፕፍ» ከላቲኑ «ትሪዩምፉስ» የወጣ ሲሆን በሮም የድል አድራጊ ሰልፍ መጠሪያ ነበር። ወገንን ጀርመኖች «ፋርበ» ማለትም ቀለም ይሉታል። ጨረታው «ራይትሰን» ይባላል፤ መቈስቈስ፣ መተናኰል ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚባለው የ«ትሪክ» አቻ ነው። ጀርመንኛው «ሽቲሽ» ሲል ከመውጋት ያመጣዋል፤ ፈረንሳይኛው «ለቬ» ሲል ከማንሣት፣ ጣሊያንኛው «ፕሬዛ» ሲል ከመያዝ ያወጣዋል። ስለ አንድ ነገር አንዱ ቋንቋ ጦርን፣ ሁለተኛው እጅን፣ ሦስተኛው ጭብጥን ያያል። ስለዚህ ከእነዚህ አንዱን ቃል በቃል መመለስ የሌላውን ዐይን ተውሶ እንደማየት ይቈጠራል።

የስካት ታሪክ ስለ ስያሜ አንድነትም የሚያስተምረው አለ። ጨዋታው በመላ ጀርመን ሲሠራጭ ደንቡም ስያሜውም በየአገሩ ተለያየ። በ1886 ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ ተጫዋቾች በአልተንቡርግ ጉባኤ ተቀምጠው አንድ ደንብ ለማቆም መከሩ። በ1899 ማኅበራቸው በሐለ ከተማ ተቋቋመ፤ በ1927 ደግሞ ክርክር የሚዳኝ የስካት ፍርድ ቤት በአልተንቡርግ ተሠየመ። እንዲህም ሆኖ በአንዳንድ አገር የጀርመን ሥዕል ያለበት፣ በሌላው የፈረንሳይ ሥዕል ያለበት ካርታ ሲሠራበት ቈየ፤ አንዱ «ቡበ» (ልጅ) የሚለውን ሌላው «ኡንተር» (የበታች) ይለዋል። በ1990 ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ ለውድድር የተመረጠው ካርታ የፈረንሳዩን ቅርፅ ይዞ የጀርመኑን ቀለም የለበሰ ነው፤ ጦሩ አረንጓዴ፣ አልማዙ ቢጫ ሆነ። አንዱ ወገን ሌላውን ሳይሽር ሁለቱም የየራሳቸውን በዐይናቸው እንዲያገኙ ተደረገ። የስካት ጨዋታ በ2016 በጀርመን አገር የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ወደ አማርኛ ስንመጣ በዚህ ረገድ ባዶ እጃችንን አይደለንም። የጥንቱ የሰንጠረዥ ጨዋታ «ፈርዝ»ንና «ፊል»ን ከውጭ እንደመጡ ሲቀበል «ንጉሥ»ንና «ፈረስ»ን ግን በራሱ ቃል ሰይሟል። ራሱ «ሰንጠረዥ» የሚለው ቃልም ከጨዋታው ገበታ ተነሥቶ ዛሬ በቁጥርና በመሥመር ለተከፋፈለ ገጽ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። የተውሶ ቃል ሥር ሲሰድ እንዲህ ያፈራል።

ይህን ፈለግ በመከተል ለካርታ ጨዋታ ትርጉም የሚረዱ ጥቂት ስያሜዎችን አቀርባለሁ። የጨዋታው ስም «ስካት» እንዳለ ይቈይ፤ የተፀውዖ ስም ነውና። ሁለቱ ካርታዎች «ተቀማጭ» ይባሉ። ለጨረታው «ጨረታ» ይበቃል። ለበላዩ ወገን «ገዥ» የሚለውን አስቤ ትቼዋለሁ፤ «ገዥ መደብ» የሚለው አነጋገር ሌላ ሐሳብ ይዞ ይመጣልና። «አውራ» ግን አውራ ጣት፣ አውራ ጎዳና እንደምንለው በሕዝብ አፍ ያለ ስለሆነ «አውራ ወገን»፣ «አውራ ካርታ» ቢባል ማንም ይረዳዋል። ለ«ትሪክ» አንድ ቃል አይበቃም፤ ሦስቱ ካርታዎች ሲጣሉ ድርጊቱ «ዙር» ነው፤ በአሸናፊው ፊት የተከማቹት ካርታዎች ግን «ምርኮ» ናቸው። «ወጋ» የሚለው ግሥ በጦር መውጋትንም መዋጋትንም ስለሚይዝ ለጀርመንኛው እጅግ ይቀርባል፤ ነገር ግን አንባቢ በገበታው ላይ ደም ፈሰሰ ብሎ እንዳይሠጋ «ምርኮ» ይሻላል። እንግዲህ ያ የልብ ወለዱ ሰው «ሰባት ዙር አሸነፈ» ቢባል ኖሮ ስሙ ባልጐደፈ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። የ«ስካት» አያት የሆነው «ካርታ» ከላቲኑ «ካርታ»፣ እርሱም ከግሪኩ «ኻርቴስ» የመጣ ነው። ያው የግሪክ ቃል በዐረብኛ በኩል አልፎ በግእዝ «ክርታስ» ሆኖ ይገኛል። በአልተንቡርግ ገበታ ላይ ተደፍተው የሚቀመጡት ሁለቱ ካርታዎችና ሊቃውንቶቻችን የጻፉበት ክርታስ በስም ዘመዳሞች ናቸው። ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች ረቂቅ ስለሆኑ፣ የሚተረጉሙ አንባብያን በሥራ ፈትነው የተሻለ ቢያገኙ እንዲያቀርቡ እጠይቃለሁ። ያ ስሕተት በሁለተኛው እትም ታርሟል፤ የመጀመሪያው እትም ግን ዛሬም በሰው እጅ ይገኛል።