የሯጭ ስም የማን ገንዘብ ነው?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው አነጋገር በአገራችን ከልጅ እስከ ሽማግሌ የታወቀ ነው። አባቶቻችን ይህን ሲናገሩ ያሰቡት በጎ ሥራንና መልካም ዝናን ነበር፤ ስም በገበያ የሚሸጥ፣ በፍርድ ቤትም የሚያከራክር ገንዘብ ይሆናል ብለው አልገመቱም። ዛሬ ግን የአንድ ሯጭ ወይም የአንድ ኳስ ተጫዋች ስም በጫማና በሸሚዝ ላይ እየታተመ ከአገር ወደ አገር ይነገድበታል፤ ባለ ስሙ ቢሞትም ንግዱ አይቋረጥም። ይህ ልማድ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ስሙን በላባቸው ያስጠሩት ሰዎችም ከንግዱ ለብዙ ዘመን እንዴት ተከልክለው እንደ ኖሩ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እንሞክራለን። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉት «ዓ. ም.» የሚል ምልክት አለባቸው።)

የዘመናችን የኦሊምፒክ ጨዋታ በ1896 በአቴና ሲጀመር መሥራቾቹ ከእንግሊዝ ባላባቶች የወረሱት አንድ ጽኑ ደንብ ነበራቸው። ደንቡም ተወዳዳሪው «አማተር» ይሁን፣ ማለት ለደስታውና ለክብሩ እንጂ ለገንዘብ አይወዳደር የሚል ነው። ነገሩ ለጆሮ ያማረ ነው። ነገር ግን ከአባቱ በወረሰው ሀብት የሚኖር ሰው ወራት ሙሉ ሲለማመድ ቢውል ከማዕዱ ምንም አይጐድልበትም፤ የቀን ሠራተኛ ልጅ ግን የልምምዱን ሰዓት የሚያገኘው ከእንጀራው ቀንሶ ነው። ስለዚህ ደንቡ ለሁሉም እኩል ተጻፈ እንጂ በሁሉም ላይ እኩል አልከበደም።

ይህ ክብደት ካረፈባቸው ስመ ጥር ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ጂም ቶርፕ ነው። ቶርፕ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን የተወለደ ሲሆን በ1912 በስቶክሆልም አምስት ዓይነትና አሥር ዓይነት ውድድር የሚደረግባቸውን ሁለቱንም ግጥሚያዎች አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ግን በ1909 እና በ1910 በትናንሽ ቡድኖች ውስጥ ጥቂት ገንዘብ እየተቀበለ ቤዝቦል መጫወቱ ስለ ታወቀ ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። ቶርፕ በ1953 ሞተ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የሚያስገርም ነው። በፔንሲልቫኒያ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ጐብኚዎችን ለመሳብ ከመበለቲቱ ጋር ተስማምታ አስከሬኑን ወስዳ ቀበረች፤ የራሷንም የጥንት ስም ትታ በ1954 «ጂም ቶርፕ» ተባለች። ልጆቹ የአባታቸው አጽም ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ኦክላሆማ እንዲመለስ እስከ ፍርድ ቤት ቢከራከሩም አልተሳካላቸውም። ሜዳሊያዎቹ እንዲመለሱ የተወሰነው በ1982 ሲሆን፣ የእነዚያ ውድድሮች ብቸኛ አሸናፊ መሆኑ እንደገና የታወቀለት ደግሞ በ2022 ነው። በቆመበት ዘመን በገዛ ጒልበቱ ጥቂት ዶላር ማግኘቱ እንደ ነውር ተቈጠረበት፤ ከሞተ በኋላ ግን ስሙ ከነመቃብሩ ለገበያ ዋለ።

የፊንላንዱ ፓቮ ኑርሚ ታሪክም ከዚህ ይቀራረባል። ኑርሚ ከ1920 እስከ 1928 በሦስት የኦሊምፒክ ጨዋታዎች ዘጠኝ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ ሯጭ ነው። በ1932 በሎስ አንጀለስ ማራቶን ለመሮጥ ሲዘጋጅ፣ ለጒዞ ወጪ ከሚገባው በላይ ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ታገደ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1952 የኦሊምፒክ ጨዋታ በሄልሲንኪ ሲከፈት፣ ችቦውን ይዞ ወደ ስታዲየሙ እንዲገባ የተመረጠው ያው የታገደው ኑርሚ ነበር። ስሙ ለበዓሉ ድምቀት ሲፈለግ ማንም ነቀፌታ አላነሣበትም።

የቴኒስ ተጫዋቾች ከሯጮች ቀድመው ከዚህ እስራት ማምለጫ አገኙ። ፈረንሳዊው ረኔ ላኮስት በተጫዋችነቱ ዘመን «አዞ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ ወዳጁ የአዞ ሥዕል ሠራለትና በልብሱ ላይ አስጠለፈው። ጨዋታ ካቆመ በኋላ በ1933 ከአንድ የሹራብ ፋብሪካ ባለቤት ጋር ማኅበር መሥርቶ ያንን አዞ በሸሚዝ ደረት ላይ አድርጎ መሸጥ ጀመረ። እንግሊዛዊው ፍሬድ ፔሪም ከ1934 እስከ 1936 ድረስ ዊምብልደንን በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ ለገንዘብ መጫወት ስለ ጀመረ ከአማተሮቹ ውድድር ተገለለ፤ በ1952 ግን የሎረል አክሊል ምልክት ያለበትን ሸሚዝ በስሙ አወጣ። ዛሬ እነዚህን ሸሚዞች ከሚለብሱት ወጣቶች መካከል አዞው የሰው ቅጽል ስም እንደ ነበረ የሚያውቁት ስንቶቹ ይሆኑ?

ይህን ነገር በሥርዓት ያደራጀው ግን ተጫዋች ሳይሆን ጠበቃ ነው። በ1960 ገደማ የክሊቭላንዱ የሕግ ሰው ማርክ ማኮርማክ ከጎልፍ ተጫዋቹ ከአርኖልድ ፓልመር ጋር ተስማማ፤ ውላቸውም በእጅ መጨባበጥ የተፈጸመ መሆኑ ይነገራል። የማኮርማክ ሐሳብ ቀላል ነበር። የውድድር ሽልማት ክንድ ሲደክም ያበቃል፤ ስም ግን በሚገባ ከተጠበቀ ክንዱ ከደከመ በኋላም ይሠራል። ስለዚህ ፓልመር ባለ አራት ቀለም ጃንጥላን ምልክቱ አደረገ፤ በልብስና በልዩ ልዩ ዕቃ ላይ እንዲታተምም እየፈቀደ ዋጋውን ተቀበለ። በጎልፍ ከሚያገኘው ሽልማት ይልቅ ከስሙ የሚያገኘው ገቢ እጅግ በለጠ።

ያው 1960 ለእኛ ሌላ ትዝታ አለው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ. ም. ማታ በሮም ከተማ የክቡር ዘበኛ ወታደር የነበረው አበበ ቢቂላ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በቈስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ደረሰ። የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም በ25 ሴኮንድ ያህል ተከተለው። የሩጫው መንገድ ፋሺስቶች ከአክሱም ነቅለው በወሰዱት ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር፤ ይህ ሐውልት ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ. ም. ነው። በችቦ ብርሃን የተነሣው የዚያ ሌሊት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ታተመ።

ፎቶግራፉን ስንመለከት ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አበበ ጫማ ያላደረገው የተገኘው ጫማ ለእግሩ ስላልተስማማውና በባዶ እግር መሮጥንም ስለ ለመደ ነበር። ነገር ግን በዚህ ምክንያት የሮምን ድል «የእኔ ነው» ሊል የሚችል አንድም ጫማ ሠሪ አልተገኘም። ያ ባዶ እግር ለነጋዴው ዓይን ገና ምንም ያልተጻፈበት የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አበበ በኦሳካ ሊሮጥ ወደ ጃፓን በሄደ ጊዜ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለው ጫማ ሠሪ ወዳረፈበት ድረስ ሄዶ ጫማውን እንዲያደርግለት ለመነው። ኦኒትሱካ ኋላ እንደ ተረከው፣ አበበን ያሳመነው የጃፓን መንገድ ለባዶ እግር አደገኛ ነው ብሎ ነው። አበበም የኦኒትሱካን ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ አሸነፈም። ይህ የጃፓን ፋብሪካ ዛሬ «አሲክስ» በሚል ስም የሚታወቀው ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ. ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሲያሸንፍ በእግሩ ላይ የነበረው ደግሞ የጀርመኑ «ፑማ» ነበር። እንግዲህ በአራት ዓመት ውስጥ ባዶው እግር የጃፓንንም የጀርመንንም ጫማ ለዓለም አሳየ ማለት ነው። ለአበበ ግን ከመንግሥቱ ማዕርግና ሽልማት፣ ከንጉሠ ነገሥቱም አንዲት ቮልስዋገን ተሰጠችው፤ በ1961 ዓ. ም. አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች ሽባ የሆነው በመኪና ነው። ስሙን ለመሸጥ ቢነሣ ኖሮ በዚያን ጊዜ ደንብ መሠረት ከኦሊምፒክ ይታገድ ነበር። የኦሊምፒክ ኮሚቴው ሊቀ መንበር አቨሪ ብራንዴጅ በዚህ ነገር ለማንም የማይራራ ሰው ነበረ። ጫማ ሠሪው፣ ጋዜጣ አሳታሚውና የስታዲየሙ ትኬት ሻጭ ሁሉ በአንድ ሰው እግር ሲጠቀሙ ባለ እግሩ ብቻ በንጽሕና እንዲኖር መታዘዙን ፍትሕ ብለን ለመጥራት እንቸገራለን። አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ. ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

የብራንዴጅ ደንብ ውሎ አድሮ የተሸነፈው ግን በፍትሕ ሳይሆን በሽሽግ ንግድ ነው። በ1968 በሜክሲኮ ሁለቱ የጀርመን ተፎካካሪዎች፣ አዲዳስና ፑማ፣ ጫማቸውን እንዲያደርጉላቸው ለሯጮች በስውር ገንዘብ ሰጡ። እነዚህን ሁለት ፋብሪካዎች የመሠረቷቸው የተጣሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ የጠባቸው ታሪክ ለብቻው አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። ብራንዴጅ በ1972 በሳፖሮ ኦስትሪያዊውን የበረዶ ላይ ተወዳዳሪ ካርል ሽራንትስን ስሙንና መልኩን ለማስታወቂያ አውሏል ብሎ አባረረው። ሽራንትስ ወደ ቪየና ሲመለስ ግን እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ እንደ ጀግና ተቀበለው። ብራንዴጅ በዚያው ዓመት ከሥልጣኑ ወረደ፤ በ1974 ደንቡ ተለዘበ፤ በ1982 የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ሯጮች የሚያገኙት ገንዘብ በአደራ እንዲቀመጥላቸው ፈቀደ።

ከዚህ በኋላ የተነሡት የእኛ ሯጮች ዕድል ሌላ ሆነ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1993 በሽቱትጋርት የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የተሰጠው መርሴዲስ መኪና የውድድሩ ሽልማት ነበር እንጂ ስጦታ አልነበረም። ከአዲዳስ ጋር በግልጽ ውል ሠራ፤ በ1999 ስለ ሕይወቱ በወጣው ፊልም ላይ ራሱን ሆኖ ታየ፤ በአዲስ አበባ ሕንጻ አሠራ፤ በ2001 የተጀመረውን ታላቁን ሩጫ መሠረተ፤ የሆቴሎቹንም በር በገዛ ስሙ ሰየመ። በሮም ጊዜ እንደ ነውር ይቈጠር የነበረው ሥራ በእርሱ ዘመን እንደ ብልኅነት ተመሰገነ።

ይሁን እንጂ ስምን መሸጥ ተፈቀደ ማለት ስም ተጠበቀ ማለት አይደለም። በ2016 ሁለት ፍርድ ቤቶች በዚህ ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጥተዋል። አንደኛው የቻይና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን ስሙ በቻይና አጠራር ያለ ፈቃዱ በአንድ የስፖርት ዕቃ ኩባንያ ተመዝግቦ ስላገኘው ከሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ስሙ በቻይና ፊደል የተጻፈበትን ምልክት በተመለከተ ለጆርዳን ፈረደለት፤ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ግን አልመለሰለትም። ጆርዳን ከ1984 ጀምሮ ከናይክ ጋር ተዋውሎ ስሙን ለታላቅ ንግድ ያበቃ፣ ጠበቆችም የማያጡት ሰው ሆኖ ሳለ ያገኘው ግማሽ ድል ብቻ ነው።

ሁለተኛው የእኛው የአበበ ጉዳይ ነው። ቪብራም የተባለ የጫማ ሶል ሠሪ ኩባንያ ለእያንዳንዱ ጣት ማስገቢያ ያለው፣ በባዶ እግር እንደ መሮጥ ያለ ስሜት የሚሰጥ ጫማ አውጥቶ በ2010 አንዱን ዓይነት «ቢቂላ» ብሎ ሰየመው። የአበበ ቤተሰቦች ያለ ፈቃዳችን በአባታችን ስም ተነገደበት ብለው በ2015 በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በታኮማ ከተማ ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ዳኛው በ2016 ክሱን ዘጋው። የዘጋውም ስሙ የአበበ አይደለም ብሎ ሳይሆን፣ ከሳሾቹ የጫማውን መኖር ካወቁ በኋላ ሳይከሱ ለዓመታት ስለ ዘገዩ ነው።