«ክሳይ» ወይስ «የካርቦን ተቀማጭ»?

ነዳጅ አየር ሳያገኝ ከመጠን በላይ ሲግል ሞለኪዩሉ ይፈርሳል፤ ቀላል ቀላሉ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል፣ ካርቦኑ ከጋለው ብረት ላይ ተጋግሮ ይቀራል። ሐሳቡን ናፍታ ሞተር የሚነዳ ሁሉ በግማሹ ያውቀዋል። የሚያስቸግረው ስሙ ነው። ሒደቱን «ሙቀታዊ መበስበስ»፣ የሚቀረውን ጥቁር ቅርፊት ደግሞ «የካርቦን ተቀማጭ» የሚል ትርጉም ያጋጥማል። ተቀማጭ ባንክ ያለ ገንዘብ ነው፤ ናፍታውን በሚረጨው ኖዝል ላይ የተጋገረ ጥቁር ነገር ወለድ የሚታሰብለት አይመስለኝም።

«መበስበስ» ደግሞ ይብሳል። በአማርኛ የሚበሰብስ ነገር እርጥብ ነው። ዝናብ የደበደበው ሰው «በሰበስኩ» ይላል። ምሳሌውን ከማሽላ አገዳ እንውሰድ። ከፍግ ጋር ጉድጓድ ገብቶ ውሃ እየጠጣ የከረመ አገዳ በሰበሰ ይባላል። ያው አገዳ ተዳፍኖ ውስጥ ውስጡን ሲግል ግን ከሰለ እንጂ በሰበሰ የሚል የለም። ከሰል አክሳይ እንጨቱን በሳርና በአፈር የሚደፍነው አየር እንዳያገኝ ነው፤ አየር ከገባበት አመድ ይታቀፋል። ውሃውና ጋዙ በጭስ ይወጣል፣ ካርቦኑ ይቀራል። ኬሚስቱ በላቦራቶሪ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ግሡም «መክሰል» ተብሎ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ለቅሪቱም ቋንቋው ራሱ መንገድ አበጅቷል። ከፈለጠ ፍላጭ፣ ከሰበረ ስባሪ፣ ከጠረገ ጥራጊ እንላለን። መጨረሻው «ለ» የሆነ ግሥ በዚህ ቤት «ለ»ን ወደ «ይ» ይለውጣል፤ ከፈለ ክፋይ እንደሚሆን። እንግዲያው ከሰለ «ክሳይ» ይሆናል። ቃሉ አዲስ ነው፣ አጥንቱ ግን የቆየ ነው።

«ጥላሸት እያለ ክሳይ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ኩራዝን ልብ ብሎ ያየ ልዩነቱን ያገኘዋል። ነበልባሉ የተፋው፣ በጭስ ተንሳፍፎ ግድግዳውን ያጠቆረው፣ በጣት ሲነኩት የሚለቀው ዱቄት ጥላሸት ነው። ላምባው እየሳሳ ክሩ ጫፍ ላይ ጠጥሮ የሚቀረው፣ በጥፍር ካልተቆነጠረ የማይነሳው ግን ሌላ ነው። (ጥላሸት ሰውን ለመቀባትም ስለሚያገለግል ሥራ አላነሰውም።) ጥቀርሻም ቢሆን ከጣራ የሚንጠለጠል የጭስ ልጅ ነው። ክሳይ ጭስ አያሻውም፤ ነዳጁ ሳይነድ እዚያው ከነካው ብረት ላይ ይፈጠራል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከጋራዥ ይመጣል። መካኒኩ «ኖዝሉ ካርቦን ይዟል» ብሎ ይግባባል፤ ከመርሳ በሲሪንቃ አድርጎ ወልዲያ የገባ፣ ወደ ድልብ ዳገት ሲዞር ጉልበት ያጣና ጥቁር ጭስ የሚተፋ አይሱዙ ምን እንደነካው ሁለት ቃል ይበቃዋል። «ይዟል» የሚለው ግሥ ግሩም ነው፣ አይነካ። ስሙ ግን አይለይም፤ ናፍታ ራሱ በክብደቱ ከመቶ 86 ያህሉ ካርቦን ነውና። ጤናማው ኖዝልም የሚረጨው ካርቦን ያለበትን ነገር ነው። የታመመው የያዘው የከሰለውን ነው፤ ቀዳዳው ሲጠብ ናፍታው እንደ ጉም መረጨቱን ትቶ ይንጠባጠባል፣ ያልነደደው ጠብታም ሌላ ክሳይ ይጨምራል።

አንድ ነገር ግን «ክሳይ» አይሸፍነውም። ላምባና የቅርብ ዘመዱ የአውሮፕላን ነዳጅ እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲሞቁ ሞለኪዩላቸው ገና አልፈረሰም፤ በውስጣቸው የሟሟው ጥቂት ኦክስጅን ነው ከነዳጁ ጋር ተዋህዶ ቧንቧው ላይ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን የሚተው። ለዚህ «ሙጫ» የሚለው ይበቃል። ሞለኪዩሉ ራሱ የሚሰባበረው ከ450 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። ኖዝል ጫፍ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ፦ መጀመሪያ ሙጫው ይለጠፋል፣ ከዚያ ነበልባሉ እየጠበሰ ያከስለዋል።