ባሕር የማያይ ወንዝ

አምቦና ጊንጪ በአንድ ጎዳና ዳር የተቆረቆሩ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ናቸው፤ ውሃቸው ግን ለየቅል ይሄዳል። የአምቦው ሁሉቃ ወደ ጉደር ይወርዳል፤ ጉደርም ዓባይን ተቀላቅሎ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ከጊንጪ ደጋ የሚነሣው አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል።

የወደብ ከተማን ቆሻሻ ማዕበል ከፊሉን ጠርጎ ይወስዳል። አዋሽ ግን ባሕር ስለማይደርስ የተጣለበት ሁሉ እዚሁ ይቀራል፤ በአልጌ፣ በዓሣ ሥጋ፣ በመስኖ ማሳ ላይ።

ወንዙ የበቾን ሜዳ አቋርጦ መልካ ቁንጡሬ ይደርሳል። በዚያ ዳርቻ የጥንት ሰዎች ከ1.5 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የድንጋይ መሣሪያ ይጠርቡ ነበር። ከዚያ ዝቅ ብሎ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አቃቂ ይቀላቀለዋል። የመከራው መጀመሪያ ይህ ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን በአቃቂ ላይ የተገነባው የአባ ሳሙኤል ግድብ ለከተማዋ መብራት ሰጥቶ፣ ኋላ በደለል ተሞልቶ ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቆመ። በወንዙ ዳር ፋብሪካዎች በዙ። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮሚየምና ጨው ይዞ ይወርዳል፤ የመጸዳጃ ፍሳሽ ደግሞ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይጨምርበታል። ሁሉም የሚጠራቀመው በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በዚህ ንጥረ ነገር የሚፋፋው የእንቦጭ አረም በቆቃ ታየ። በዚያው ሐይቅ የሚራባው መርዛማ አልጌም ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። ለዳርቻው ነዋሪ ግን የሚጠጣው ውሃ ይኸው ነው።

ማጽዳቱ ዘግይቶ ተጀመረ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጣ። በ2010 ዓ.ም. የተስፋፋው የአዲስ አበባው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያክም ተሠራ። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የከተማዋ የሸገር ወንዞች ልማት ደግሞ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ያቀፈ ዕቅድ ነበር። ሆኖም ዳርቻ ማሳመር ብቻ ውሃውን አያጠራውም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ ፍሳሹን ከግቢው ሳያስወጣ ማከም አለበት።

ጉዳዩ ምዕራብ ሸዋንም ይመለከታል። የሆለታ ወንዝ የአዋሽ ገባር ነው፤ በአካባቢውም የአበባ እርሻዎች ተስፋፍተዋል። በአገራችን አንዳንድ የአበባ እርሻዎች የፀረ ተባይ ፍሳሻቸውን ሸምበቆ በተተከለበት ሰው ሠራሽ ረግረግ ያጣራሉ። ይህ አሠራር በላይኛው አዋሽ እርሻ ሁሉ ቢለመድ፣ አዋሽ ቢያንስ አቃቂን እስኪያገኝ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል።