ወባን የሚያጋልጥ ወርቅ

ስሙኝማ! በለንደን ከተማ አንድ የቀጥቃጭ ልጅ ነበረ፤ ማይክል ፋራዴይ ይሉታል። በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገብቶ፣ የሚጠርዘውን እያነበበ ሳይንስ የተማረ ሰው ነው። በ1850ዎቹ፣ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፣ በቤተ ሙከራው ስስ የወርቅ ቅጠል ሲያጥብ እጣቢው ቀላ። ወርቅ መቼ ቀልቶ ያውቃል? ሌላው ቢሆን ይደፋው ነበር፤ ፋራዴይ ግን ነገሩን አጥብቆ ያዘ። ወርቅ የሟሟበትን ፈሳሽ በፎስፎረስ እያቀላ ደጋግሞ ሞከረው። ጨው ሲጨምርበት ደግሞ ወደ ሰማያዊ ዞረ። በፌብሩዋሪ 1857 በሮያል ሶሳይቲ ጉባኤ ፊት ቆመና፣ ቅላቱ የመጣው ወርቁ እጅግ ደቅቆ በመበተኑ ነው አለ። ከፈሳሾቹ አንዳንዶቹ ዛሬም እንደቀሉ ተቀምጠዋል።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። የወርቅ ቅንጣት ጥቂት አሥር ናኖሜትር ሲሆን፣ ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ናት፣ ብርሃን ሲነካው ኤሌክትሮኖቹ አብረው ይወዛወዛሉ። አረንጓዴውን ብርሃን ይውጣል፣ ቀዩን ያሳልፋል። ቅንጣቶቹ ሲጠጋጉ የሚውጡት ብርሃን ይለወጣል፤ ቀለሙም አብሮ። በ1996 በአሜሪካ የእነ ቻድ ሚርኪን ቡድን በቅንጣቶቹ ላይ የዲኤንኤ ክር አሠረ፤ ተጓዳኙ ክር ሲመጣ ወርቁ ተሰባስቦ ቀለሙን ቀየረ። ፋራዴይ በጨው ያየው፣ አሁን መርጦ የሚመልስ ጠቋሚ ሆነ።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነውና። በቆላ ቀበሌ ጤና ኬላ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ጣት ትወጋለች፤ የደሙን ጠብታ በወባ መመርመሪያው ወረቀት ላይ ታሳርፍና ፈሳሽ ትጨምራለች። በወረቀቱ ውስጥ የደረቀው ወርቅ ረጥቦ ይነሣል። በቅንጣቶቹ ላይ የተለጠፈው ፀረ እንግዳ አካል፣ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተህዋሲ በደም ውስጥ የሚረጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ይይዛል። ቅንጣቶቹ በወረቀቱ ተስበው የምርመራው መስመር ላይ ሲደርሱ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ያስቀራቸዋል፤ ወርቁ ይከማቻል፣ ቀይ መስመር ይወጣል። መብራት የለ፣ ማይክሮስኮፕ የለ፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ብቻ! ከዚህ የበለጠ ለድሃ የደረሰ ናኖ ቁስ አላውቅም።

ተህዋሲው ግን ዝም አላለም። ዘበኛ ሌባን በካፖርቱ ብቻ ቢያውቀው፣ ሌባው ካፖርቱን ጥሎ ያልፋል፤ ፋልሲፓረምም እንዲሁ ኤችአርፒ2 የሚሠራበትን ጂን ጣለ። አስቀድሞ በፔሩ ታየ፣ ከዚያም በኤርትራ። በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ ኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በምትዋሰንባቸው አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን መርምሮ፣ በዚህ ፕሮቲን ላይ ብቻ የቆመ ምርመራ ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶውን እንደሚስት ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚለው ስሕተቱ 5 በመቶ ሲያልፍ ነው። የታመመ ልጅ «ወባ የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው ማለት ነው፤ ይህ ያስቆጣኛል።

ወርቁ አልበደለም፤ የተሰጠው ኢላማ ነው የሸሸው። ስለዚህ ኢላማው ወደ ኤልዲኤች እየዞረ ነው። ይህ ኢንዛይም ተህዋሲው ከስኳር ጉልበት የሚያወጣበት ስለሆነ፣ ጥሎት ሊኖር አይችልም። ችግሩ፣ መስመሩ ብዙ ጊዜ ከኤችአርፒ2ው ይደበዝዛል፤ ተህዋሲው ሲያንስም ያመልጣል። እዚህ ላይ ነው ከወርቅ የበረታ ቅንጣት የሚፈለገው። በ2020 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች በወርቁ ፈንታ ናኖ አልማዝ አስገብተው፣ በማይክሮዌቭ የአልማዙን ብርሃን እያፈራረቁ፣ በሙከራቸው ከወርቅ መቶ ሺህ እጥፍ የረቀቀ ምልክት አነበቡ። ድንቅ ነው፤ ግን ማንበቢያ መሣሪያ ይፈልጋል። ለቆላዋ ጤና ኬላ የሚበጀው፣ ደካማውን ኤልዲኤች አድምቆ፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ በባለሙያዋ ዓይን ብቻ የሚነበብ መስመር የሚሰጥ ቅንጣት ነው።